«ስልክሽን መቼ ነው የምትቀይሪው?»

ከአንዲት የ3ኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ

ለዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ጉዳይ ትልቅ የኢኮኖሚ ትንታኔ አይደለም። ሁላችንም በኪሳችን ወይም በቦርሳችን ይዘነው ስለምንዞረው ስለ ስልክ ነው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም ውስጡ ሲገቡ ትንሽ እንዳልሆነ በገዛ ቤቴ አይቼዋለሁና እስከ መጨረሻው አብራችሁኝ እንድትዘልቁ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ጉዳዩ የጀመረው ባለፈው ሴሚስተር ነው። ለግሩፕ አሳይመንት ስልክ ቁጥር ስንለዋወጥ ስልኬን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ስልኬ ጥጓ ላይ የተሰነጠቀች፣ ጀርባዋ በላስቲክ የታሰረች፣ ከተገዛች አራተኛ ዓመቷን የያዘች ቴክኖ ናት። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ አየት አደረጋትና «አንቺ፣ ይቺን ነገር መቼ ነው የምትቀይሪያት? ሙዚየም እኮ እየፈለጋት ነው!» አለ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። አንዷ ጓደኛዬ ደግሞ ቀበል አድርጋ «እህትሽ ዐረብ አገር እያለች ይቺን ትይዣለሽ? ኧረ ሼም ነው!» አለችኝ። በዚህኛው ግን መሳቅ አቃተኝ።

እውነቱን ልናገርና በዚያን ቀን ማታ ለእህቴ በኢሞ «እትዬ፣ አይፎን ላኪልኝ፤ እዚህ ሰው ሁሉ ሙድ እየያዘብኝ ነው» ብዬ ላክሁላት። እህቴ ሳዑዲ ዓረቢያ በሰው ቤት ትሠራለች። የእሷን ዓይነት ታሪክ ከሚሴና አካባቢዋ ላላችሁ መናገር አያስፈልገኝም፤ ዐረብ አገር ሰው የሌለው ቤት ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። መልሷ የመጣው ሥራዋን ጨርሳ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ነው። አልተቆጣችኝም። «እሺ የኔ እናት፣ ኢንሻ አላህ እልክልሻለሁ። የሁለት ወር ደሞዜ ነው የሚሆነው። ለእማ የምልከውን ትንሽ አዘገየዋለሁ፤ ለእሷ ግን እንዳትነግሪያት» አለችኝ። ድምፅዋ የደከመ ነበር። እንቢ ብትለኝ ኖሮ ተኮራርፌ እተኛ ነበር። እሺ ስላለችኝ ግን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ጠዋት ተነሥቼ «ተይው እትዬ፣ ቀልዴን ነው» አልኋት። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝም ያ ሌሊት ነው። አቋሜን ከወዲሁ ላስቀምጥ፦ ስልክ የሚቀየረው ሥራውን መሥራት ሲያቆም እንጂ ሰው ሲስቅበት አይደለም። አያይዤም እኛ ተማሪዎች ብቻ ሳንሆን ዲፓርትመንታችንም ሳያስበው በዚህ ግፊት ውስጥ ድርሻ እንዳለው ለማሳየት እሞክራለሁ።

ስልክ ራሱ ብርቅ በነበረበት ዘመን

ስልክ አገራችን የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1894 እንደሆነ ይታወቃል። ተንቀሳቃሽ ስልክ ግን አገልግሎት የጀመረው ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ነው። ታላላቆቻችን እንደሚያጫውቱን በዚያ ጊዜ ቀፎውን ተዉትና ሲም ካርዱ ራሱ ብርቅ ነበር። ሞባይል ያለው ሰው ቀበቶው ላይ አንጠልጥሎ ይሄዳል፤ ሲደወልለትም ሰፈሩ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብሎ ያወራል። በዓለም ላይ እንደ ኖኪያ 1100 የተሸጠ ስልክ አለ ለማለት ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. በ2003 ገበያ ላይ የዋለ፣ ከላዩ መብራት ያለው፣ ከ250 ሚሊዮን በላይ የተሸጠ ባለ ቁልፍ ስልክ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተቀየረ። በ2003 ዓ.ም. ኅዳር ኢትዮ ቴሌኮም ተቋቋመ። በ2013 ዓ.ም. ግንቦት ቴሌብር መጣ። በ2015 ዓ.ም. መስከረም ሳፋሪኮም አዲስ አበባ ላይ አገልግሎቱን ሲያስመርቅ የመቶ ዓመቱ የአንድ ድርጅት ገበያ ወደ ሁለት ተከፈለ። ዛሬ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች ብቻ ከ80 ሚሊዮን አልፈዋል። ይህ ሁሉ በጎ ነገር ነው። እናቴ ብር ለመቀበል ከገጠር ከተማ ድረስ በእግሯ መምጣቷ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ድሮ ሰውን ከሰው የሚለየው ስልክ መያዙ ነበር። ዛሬ እረኛውም፣ የጫት ነጋዴዋም፣ የባጃጅ ሾፌሩም ስልክ አላቸው። ሁሉም ስልክ ከያዘ ደግሞ ስልክ በመያዝ ብቻ መኩራት አይቻልም። ስለዚህ ኩራቱ ከ«ስልክ አለህ ወይ?» ወደ «የትኛው ስልክ ነው ያለህ?» ተሸጋገረ። በእኔ እምነት የዛሬው የመቀየር ሩጫ ምንጩ ይህ ነው። የምንገዛው አብዛኛውን ጊዜ የሰውን ዓይን እንጂ ስልኩን አይደለም። የሰው ዓይን ደግሞ ተገዝቶ አያልቅም፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሞዴል ይወጣል።

እስቲ በሙያችን እናስላው

አካውንቲንግ የምንማረው ለፈተና ብቻ አይደለም ብዬ አምናለሁ። እንግዲህ ደብተራችንን እንክፈት። አንድ ስልክ በ18,000 ብር ገዛን እንበል። ስልኩ 3 ዓመት ቢያገለግለንና ቀሪ ዋጋውን ብንተወው በስትሬት ላይን ዘዴ ወርኃዊ የእርጅና ወጪው 500 ብር ይሆናል። ያንኑ ስልክ «አርጅቷል» ብለን በዓመት ከመንፈቁ በተመሳሳይ ዋጋ ከቀየርነው ግን ወርኃዊ ወጪያችን 1,000 ብር ይሆናል። የድሮውን ሸጠን የምናገኘው ገንዘብ ቢቀነስ እንኳ ልዩነቱ አይጠፋም። ስልኩ የሚሠራልን ሥራ ግን ያው ነው፤ መደወል፣ ቴሌግራም፣ ኢሞና ትንሽ ቪዲዮ።

በዚህ ላይ የፓኬጁ ወጪ አለ። በወር 400 ብር የምናወጣ ከሆነ በ3 ዓመት 14,400 ብር ነው። ከስልኩ ጋር ሲደመር 32,400 ብር ይደርሳል። ስልክ ስንገዛ ግን ይህን ማን ያሰላል? የምናየው 18,000ውን ብቻ ነው። ገራሚው ነገር ደግሞ አዲስ ስልክ ራሱ ፓኬጅ የሚያሳድግ መሆኑ ነው። ካሜራው ሲጠራ የምንልከው ፎቶ ይከብዳል፣ ስክሪኑ ሲሰፋ ቪዲዮው ጥራት ይፈልጋል። በ50 ብር ይዘልቅ የነበረው ሳምንት በ100 ብር አይዘልቅም። ስለዚህ ውድ ስልክ አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያልቅ ዕዳ አይደለም፤ በየሳምንቱ የሚበላ አፍ ነው።

የዋጋውን ነገር ካነሣን አይቀር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.ን ማስታወስ ያስፈልጋል። በዚያን ቀን የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ስልክ አገር ውስጥ ቢገጣጠምም ዕቃው የሚመጣው በዶላር ነው። ስለዚህ «ሁለት ዓመት ጠብቄ የተሻለ እገዛለሁ» ያለ ሰው የድሮውን ስልክ የሚመስል እንኳ በድሮው ዋጋ አላገኘም። የያዝነውን ስልክ አንድ ዓመት ተጨማሪ ማሠራት ድሮ ቁጠባ ይባል ነበር፤ አሁን ግን ገቢ እንደማግኘት ነው።

ስለ ፓኬጅም ትንሽ ልበል። ጠዋት ስነቃ ከእናቴ በፊት «እንኳን ደስ አለዎ» የሚለኝ የማስታወቂያ መልእክት ነው። «ዛሬ ብቻ»፣ «ለእርስዎ ብቻ»፣ «እጥፍ»። አንድ ወቅት እኔም ተታልዬ ያልተገደበ የሚባለውን የወር ፓኬጅ ገዛሁ። ወሩ ሲያልቅ ምን እንደሠራሁበት ራሴን ስጠይቅ፣ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት አጫጭር ቪዲዮ በጣቴ ስገፋ መክረሜን ነው ያገኘሁት። በዚያ ወር የኮስት አካውንቲንግ ውጤቴ ምን እንደነበረ መምህራችን ያውቁታልና አልደግመውም! ያልተገደበው ኢንተርኔቱ እንጂ የእኔ ጊዜ አልነበረም።

«አርጅቷል» የሚለው ማነው?

እዚህ ላይ «ስልኩ እኮ ራሱ ይዘገያል፣ አፑ አልከፍት ይላል፣ ታዲያ ምን እናድርግ?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱም ሁለት ክፍል አለው።

የመጀመሪያው፣ አንዳንድ እርጅና የተፈጥሮ ሳይሆን የተወሰነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ኦስራም፣ ፊሊፕስና የጄኔራል ኤሌክትሪክ ተባባሪዎችን ጨምሮ የዓለም ትልልቅ አምፖል አምራቾች «ፌበስ» የሚባል ማኅበር አቋቋሙ። የተስማሙበት አንዱ ነገር አምፖል ከ1,000 ሰዓት በላይ እንዳይበራ ነበር። አምፖሉ ረጅም ዕድሜ የኖረለት አባል ይመሰገናል ብላችሁ ከጠበቃችሁ ተሳስታችኋል፤ ይቀጣ ነበር! ወደ ስልክ ስንመጣ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 አፕል ባትሪያቸው የደከመ አይፎኖችን ፍጥነት በሶፍትዌር እንደሚቀንስ አመነ። ኩባንያው ይህን ያደረገው ስልኩ በድንገት እንዳይጠፋ ነው ቢልም፣ ባለ ስልኮቹ ግን ሳይነገራቸው ስልካቸው ያረጀ መስሏቸው አዲስ ገዝተዋል ተብሎ ተከሰሰና እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ልብ በሉ፤ ለብዙዎቹ ስልኮች መፍትሔው ባትሪ መቀየር ብቻ ነበር።

ሁለተኛው፣ እውነተኛ እርጅናም አለ። ለምሳሌ ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. ከጥር 2025 ጀምሮ አንድሮይድ 4.4 በሆኑ ስልኮች ላይ መሥራት አቁሟል። እንዲህ ሲሆን ስልኩ ለዚያ ሥራ ሞቷል ማለት ነውና መቀየር ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ አንድሮይድ 4.4 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ነበር። ከአሥር ዓመት በላይ አገልግሏል ማለት ነው። እኛ ግን ስልካችንን የምንጥለው በሁለት ዓመቱ ነው። አውሮፓውያን ይህን አይተው እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2025 ጀምሮ አዲስ የሚሸጡ ስልኮች ቢያንስ ለ5 ዓመት የሶፍትዌር ማሻሻያ እንዲያገኙ፣ መለዋወጫቸውም ለ7 ዓመት እንዲገኝ የሚያስገድድ ደንብ ሥራ ላይ አውለዋል። የሀብታም አገር ሰው «ስልኬ ረጅም ዕድሜ ይኑረው» ብሎ ሕግ ሲያወጣ፣ የእኛ አገር ተማሪ በደህና ስልኩ ማፈሩ አይገርምም?

የአባቴ አይቴልና የጠፋው ኢንተርኔት

ስለ ስልክ ዋጋ ትልቁን ትምህርት የሰጠኝ ግን መጽሐፍ ሳይሆን የክልላችን ሁኔታ ነው። እንደምታስታውሱት ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከታወጀ በኋላ፣ በአማራ ክልል በአብዛኛው ቦታ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆየ። ወደ አንዳንድ ከተሞች መመለስ የጀመረው በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ አካባቢ ነበር። በዚያ ጊዜ ባለ 40,000 ብሩም ባለ 15,000 ብሩም ስልክ የሚሠራው ሥራ አንድ ዓይነት ሆነ፤ መደወልና መልእክት መላክ። እህቴን በኢሞ ማየት ቀረ። እሷም ስትጨንቃት ቀጥታ ትደውላለች፤ የምትደውለውም በአባቴ ስልክ ላይ ነው።

የአባቴ ስልክ ባለ ቁልፍ አይቴል ናት። አባቴ በደዋ ጨፋ ወረዳ ገጠር ውስጥ ይኖራል። ጉብታው ላይ ካልወጣ ኔትወርክ አያገኝም። ያቺ አይቴል ግን አንድ ጊዜ ቻርጅ ከተደረገች ለቀናት ትቆያለች፣ ማታ በረት ሲገባ ታበራለታለች፣ ራዲዮ ታሰማዋለች። ስትወድቅ ባትሪዋ፣ ክዳኗና ራሷ ለሦስት ይበታተናሉ፤ አባቴ ለቅሞ ይገጣጥማትና «ሀሎ» ይላል። *127# ብሎ ቴሌብር፣ *889# ብሎ ባንክ መጠቀም የሚቻለው እንደ እሷ ባለ ስልክም ነው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ከሚሴ ደርሶ መብራትም ኔትወርክም በጠፋ ጊዜ ደግሞ በቤታችን ወሬ ያሰማን የነበረው የእሷ ራዲዮ ነበር።

አንድ ቀን «አባ፣ ታች ስልክ ይገዛልህ?» ብዬው ነበር። አባቴ አይቴሏን ከኪሱ አወጣና አገላበጣት። «ልጄ፣ ይቺ የማትሰማኝ ቀን አለ? ሰንበቴ ገበያ ላይ በሬ ስገዛ የምጠይቀው ‹ያርሳል ወይ?› ብዬ እንጂ ‹ቀንዱ ያምራል ወይ?› ብዬ አይደለም» አለኝ። በዚያን ጊዜ ሳቅሁበት። አሁን ግን ይህን ጽሑፍ ስጽፍ ከተማርኩት ሁሉ የአባቴ ጥያቄ እንደሚበልጥ ይሰማኛል። «ያርሳል ወይ?»

ጥያቄው ለ5ጂም ይሠራል። 5ጂ አገራችን ውስጥ የተጀመረው በ2014 ዓ.ም. ግንቦት በአዲስ አበባ ነው። ሻጩ «ባለ 5ጂ ነው፣ ብር ጨምሪበት» ሲላችሁ «እኔ በምኖርበትና ቤተሰቤ በሚኖርበት ቦታ ይሠራል ወይ?» ብላችሁ መጠየቅ አለባችሁ። የማይሠራ ከሆነ የምትገዙት የቀንዱን ውበት ነው።

«ታዲያ ከቴክኖሎጂ እንሽሽ ነው የምትዪው?»

አይደለም! ወላሂ እንዲህ የሚለኝ ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ ይህን ረቂቅ ያነበበች ጓደኛዬም ይህንኑ ነው ያለችኝ። እኔ ራሴ ስማርት ስልክ ነው የያዝኩት። በእሷ ትርፍና ኪሳራ አሰላለሁ፣ መጽሐፍ አነባለሁ፣ እህቴን አያለሁ። እህቴን ማየት ለእናቴ ምን ማለት እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው «ስማርት ስልክ ቅንጦት ነው» ብዬ አልዋሽም። ከክፍላችን ልጆች አንዷ ልብስ በቴሌግራም ትሸጣለች። ለእሷ ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክ የሥራ መሣሪያ ነው፤ ገቢ ያመጣል፤ ቢቀየርም ያዋጣል። በእኛ ቋንቋ ልንለው ከፈለግን ለእሷ ንብረት የሆነው ስልክ ለእኔ ወጪ ነው። አንድ ዓይነት ስልክ በአንዷ መዝገብ በንብረት በኩል፣ በሌላዋ መዝገብ በወጪ በኩል ሊገባ ይችላል። ችግሩ ሁላችንም እንደ ንብረት እየመዘገብነው መሆኑ ነው።

ሌላው የሚነሣው ክርክር «ሰው በስልክህ ነው የሚለካህ፤ ሥራ ፍለጋ ስትሄድ፣ ሰው ፊት ስትቀርብ ያስከብራል» የሚል ነው። ይህን ክርክር ሙሉ በሙሉ አልንቀውም። ፋራ መባል ያማል፤ አሞኛል። ነገር ግን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላሉ አበው። በእህቴ ላብ የተገዛ አይፎን ይዤ ክፍል ውስጥ ብገባ የሚከበረው ማን ነው? እኔ ነኝ ወይስ ስልኩ? ስልኩ ከተሰረቀስ ክብሩ የት ይሄዳል? ዐረብ አገር ያሉ እህት ወንድሞቻችን የሚልኩልን ስልክ እዚህ የሳምንት ወሬ ነው፤ እዚያ ግን የወራት ጉልበት ነው። እኛ ደግሞ ጉልበታቸውን አናይም፤ የምናየው ሣጥኑን ብቻ ነው።

ለዲፓርትመንታችን የማቀርበው ሐሳብ

እስካሁን ጓደኞቼን ወቀስኩ። አሁን ግን በአክብሮት ወደ መምህራኖቻችን ልዞር። ግፊቱ ከሱቅና ከጓደኛ ብቻ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ «እንቢ» ማለት ይቀል ነበር። አንዳንዱ ግን የሚመጣው ከትምህርቱ ውስጥ ነው።

አንድ የክፍላችን ልጅ እስከ 2ኛ ዓመት ድረስ ባለ ቁልፍ ስልክ ነበር የሚጠቀመው። ጎበዝ ነው፤ ለአሳይመንት ሁላችንም የምንጠጋው እሱን ነው። አንድ ቀን ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ «ነገ ጠዋት ኩዊዝ አለ» የሚል ማስታወቂያ በቴሌግራም ግሩፕ ላይ ወጣ። ሁላችንም አየነው። እሱ ግን ጠዋት የመጣው እንደ ልማዱ አርፍዶ ነበርና ኩዊዙ አለፈው። ለእሱ መንገር የነበረብን እኛ ነበርን፤ ረሳነው፤ ጥፋቱ የእኛም ነው። በወሩ ስማርት ስልክ ይዞ መጣ። «ከየት አመጣህ?» ስንለው ሳቀና ዝም አለ። በኋላ እንደሰማሁት ገንዘቡ የሦስት ወር የቤት ኪራዩ ነበር። ሴሚስተሩን የጨረሰው ከጓደኞቹ ክፍል ወለል ላይ እያደረ ነው። እሱን ስልክ ያስገዛው ፋሽን አይደለም። ያስገዛው እኛ የሠራነው አሠራር ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን በትሕትና እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ የፈተናና የኩዊዝ ማስታወቂያ በቴሌግራም ቢወጣም ባይወጣም በዲፓርትመንቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ይለጠፍ። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ሀንዳውት አንድ የታተመ ቅጂ ፎቶ ኮፒ ቤትና ላይብረሪ ይቀመጥ። በስልክ የሚላከውም አንድ ምዕራፍ 60 ፎቶ ሆኖ ሳይሆን በጽሑፍ ፋይል ይሁን። ይህ ለመምህሩ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ለተማሪው ግን የሳምንት ፓኬጅ ነው። ሦስተኛ፣ የክፍል ተወካዮች ስማርት ስልክ የሌላቸውን ልጆች ስም ይዘው መልእክቱን በአጭር ጽሑፍ ወይም በጥሪ ያድርሱ። አንድ የጽሑፍ መልእክት ከዳታ ፓኬጅ ይረክሳል፤ ከአንድ ልጅ ሴሚስተር ደግሞ በጣም ይረክሳል።

ለእኛ ለተማሪዎቹ ደግሞ የምለው አጭር ነው። ስልክ ከመቀየራችን በፊት ባትሪዋን እናስመርምር፣ ማኅደረ ትውስታዋን ያጨናነቁትን ቪዲዮዎች እናጥፋ፣ የማንጠቀምባቸውን አፖች እናውጣ። «ዘገየች» የምንላት ስልክ ብዙውን ጊዜ የታመመችው ከጥጋብ ነው። ፋይል ጎን ለጎን ተቀምጠን በብሉቱዝ መለዋወጥ እየቻልን ሁላችንም ከቴሌግራም እያወረድን ዳታ አናቃጥል። ፓኬጅ ስንገዛ «ዛሬ ብቻ» ስላሉን ሳይሆን ባለፈው ሳምንት ስንት እንደጨረስን አይተን እንግዛ። በዱቤ ስልክ ስንወስድም ወርኃዊ ክፍያውን ሳይሆን ጠቅላላ ድምሩን እናንብብ፤ እኛ እኮ ሒሳብ ሠራተኞች ልንሆን ነው! ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ በሰው ስልክ አንሳቅ። እኔ ላይ የሳቀው ልጅ ክፉ ልጅ አይደለም፤ ቀልዱን ነበር። ግን ያ ቀልድ ጂዳ ድረስ ሄዶ የአንዲት ሴት ደሞዝ ሊወስድ ትንሽ ነበር የቀረው።

በመጨረሻም የእኔ ቴክኖ የት ደረሰች ለምትሉኝ፣ መናኸሪያው አካባቢ ያለ ጥገና ቤት ወስጄ ስክሪኗንና ባትሪዋን አስቀየርኋት። ያወጣሁት የአዲሱን ስልክ ዋጋ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ጠጋኙ ላስቲኩን አውጥቶ ጣለና «ይቺ ገና ሦስት ዓመት ትሠራለች» አለኝ። ማታ በእሷ ለእህቴ ደወልኩ። ፊቷን ከድሮው ይልቅ አጥርቼ አየሁት። «አይፎኑን ገዛሽው እንዴ? ጥርት ብለሻል!» አለችኝ። «አይ እትዬ፣ ያቺው ናት» አልኋት። ሳቀች። ለእማ የምትልከውም በዚያ ወር አልዘገየም፤ አልሐምዱሊላህ።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ በሚቀጥለው ጊዜ «ስልክሽን መቼ ነው የምትቀይሪው?» ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት የአባቴን ጥያቄ አስቀድሙልኝ፦ «ያርሳል ወይ?» ካረሰ ይረስ። ሐሳቤን የማይቀበል ካለ በሚቀጥለው ዕትም ይጻፍና እንከራከር። እስከዚያው ሰላም ሁኑ፤ ቸር ይግጠመን።